አዳማ ላይ ቤት ከመግዛታችሁ በፊት ኮርኒስ ውስጥ እዩ፦ አራት የጣሪያ ዓይነቶች ሲነጻጸሩ

አዳማ ላይ ቤት የሚያሳያችሁ ደላላ መጀመሪያ ሳሎን ያስገባችኋል። ከዚያ ኪችኑ፣ ሴራሚኩ፣ የግቢው ስፋት ይከተላል። ካርታው ንጹሕ እንደሆነ ሁለት ሦስት ጊዜ ይነግራችኋል። ስለ ጣሪያው ብትጠይቁት «ኧረ ይሄ ቤት ጠብ አይልበትም» ይላል። ከኮርኒሱ በላይ ምን እንዳለ ግን እሱም አላየም።

እኛ ቤታችንን ያየነው ታኅሣሥ ውስጥ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነበር። ቤቱ ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ደስ ይላል። ተዋዋልን። መጋቢት ሲገባ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ መኝታ ቤት መቀመጥ አቃተን። እናቴ በረንዳ ላይ ፍራሽ አንጥፋ መተኛት ጀመረች። አናጢ ጠራን። የኮሪደሩን ኮርኒስ አንዱን ቺፕውድ ነቀለና «እስቲ እጅዎን ያስገቡ» አለኝ። ሳስገባ የጋለ ምጣድ ላይ እጄን የዘረጋሁ መሰለኝ።

ምክንያቱ ቀላል ነበር። የቀድሞው ባለቤት የሌሊት ወፍ አስቸግሮት የታዛውን ሥር ዙሪያውን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶታል። አየር መግቢያም መውጫም የለውም። አናጢው የታዛውን ሥር ከፈተ፣ ወንፊት ሽቦ መታበት፣ በሁለቱ የጎን ግድግዳዎች ጫፍ ላይ መውጫ አበጀ። የሁለት ቀን ሥራ ነው። በዚያው ሳምንት እናቴ ወደ መኝታ ቤቷ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ ዘመድ ወይም ጓደኛ ቤት ሊገዛ ሲል ካቻቢቴ፣ የእጅ ባትሪና ሰንደል ይዤ አብሬ እሄዳለሁ። ብዙ ጊዜ የማየው አንድ ነገር ነው። ሰው ሙቀቱን ፈርቶ ጥሩ ቤት ይተዋል፤ በጂብሰም ኮርኒስ ተማርኮ መጥፎ ቤት ይገዛል። ሙቀት በትንሽ ወጪ ይስተካከላል። ምስጥ የበላው ወራጅና የሚያፈስ ሶሌታ (የኮንክሪት ጣሪያ) ግን ኪስ ያራቁታሉ። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ የጻፍኩት ይህን ልዩነት በዓይናችሁ እንድትለዩ ነው።

አዳማ ጣሪያን ለምን ትፈትናለች?

ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ቀጥ ብላ አናታችን ላይ ትቆማለች፤ አንዴ በሚያዝያ የመጀመሪያ ቀናት፣ አንዴ በነሐሴ መጨረሻ ግድም። ነሐሴን ደመናው ይሸፍነዋል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለውን ግን ጣሪያው ብቻውን ይቀበለዋል። እኩለ ቀን ላይ ግድግዳው ጥላ ውስጥ ሆኖ ቤቱ የሚግለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ነፋሱ ነው። በከተማዋ ዙሪያ ኮረብታዎቹ ላይ የምታዩዋቸው የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የመጀመሪያው ምዕራፍ 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት ነው። እዚያ የተተከሉት ነፋሱ ስላለ ነው። ያው ነፋስ የእናንተንም ቆርቆሮ ከጫፉ ይዞ ወደ ላይ ይስባል። ሦስተኛው ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚወርደው ዝናብ ነው። ከረጅም ደረቅ ወቅት በኋላ ባንድ ጊዜ ስለሚመጣ፣ በፀሐይ የደረቀች የብሎን ጎማና የተሰነጠቀች ሶሌታ የሚጋለጡት ያኔ ነው።

በምን እንመዝን?

እኔ የምከተለው ቅደም ተከተል ይህ ነው። በጣም ውድ ጥገና የሚጠይቀው ይቀድማል።

መጀመሪያ አጽሙ። ቆርቆሮውን የሚሸከሙት ወራጁና ማገሩ ጤነኛ ናቸው ወይ? እንጨት ከሆነ ካቻቢቴውን ጫን አድርጋችሁ ውጉት። ጤነኛ እንጨት አያስገባም። ሰተት ብሎ ከገባ ውስጡ አልቋል ማለት ነው። ከግድግዳው ወደ ወራጁ የሚወጣ የደረቀ የጭቃ መስመር ካያችሁ ምስጥ አለ። ኮርኒሱ ላይ ዱቄት የመሰለ ብናኝ ከተከመረ ደግሞ ነቀዝ ነው።

ቀጥሎ ውኃ። ውኃ የገባበት ቺፕውድ ሻይ እንደፈሰሰበት ጨርቅ ቡናማ ክብ ይይዛል። ሻጩ ቀለም ቢቀባበትም ያበጠው አይመለስም፤ በእጃችሁ ዳብሱት። ከአምስት ክፍል የአንዱ ኮርኒስ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ እዚያ ቁሙና ጠይቁ።

ከዚያ ነፋስ። የጣሪያው አጽም ከግድግዳው አናት ካለው ቢም ጋር በፌሮ ወይም በብረት ታስሯል ወይስ በሚስማር ብቻ ተቀምጧል? ቆርቆሮውስ በተራ ሚስማር ነው የተመታው ወይስ ባለ ጎማ ብሎን ነው? ማዕዘኖቹንና የታዛውን ጫፍ በደንብ እዩ፤ ነፋስ ነቅሎ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ጎረቤትንም ጠይቁ። ቆርቆሮው ሌሊት ከጮኸ ጎረቤት ያውቀዋል።

መግቢያውንም ፈልጉ። ኮርኒሱ ላይ ሰው የሚያስገባ ቀዳዳ ያለው ቤት ይጠገናል። ቀዳዳ የሌለው ቤት ችግሩ ራሱ ወርዶ እስኪታይ ድረስ ይደብቃል።

አየርን መጨረሻ ያመጣሁት ርካሽ ስለሆነ ነው እንጂ ስለማያሳስብ አይደለም። ብዙ ሰው የማያውቀው እሱን ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝረው።

ኮርኒስ ውስጥ አየር እንዴት ይሄዳል?

ቆርቆሮው ሲግል ከሥሩ ያለውን አየር ያግላል። ከዚያም በላይ ሙቀቱን በቀጥታ ወደ ኮርኒሱ ይረጨዋል። ኮርኒሱ ራሱ ሲሞቅ ከራሳችሁ በላይ እንደተሰቀለ ማሞቂያ ይሆናል። መስኮት ብትከፍቱ ይህ ሙቀት አይቀንስም፤ ምንጩ ከላይ ነው።

የሞቀ አየር ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ዝቅ ብሎ መግቢያ፣ ከፍ ብሎ መውጫ ያስፈልገዋል። መግቢያው የታዛው ሥር ነው። መውጫው ባለ ሦስት ማዕዘኑ የጎን ግድግዳ ጫፍ ወይም የጣሪያው አናት ነው። አንዱ ብቻ ካለ አየሩ ብዙም አይንቀሳቀስም። ባለ ሦስት ማዕዘን ግድግዳ የሌለው፣ በአራቱም በኩል የሚወርድ ጣሪያ ሲሆን ሰዎች መውጫውን ይረሱታል። እዚያ ላይ አናቱን መመርመር ያስፈልጋል።

ምን ያህል ክፍተት ይበቃል? የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንብ የኮርኒሱን ስፋት ለ150 ያካፍላል። 100 ካሬ ለሆነ ቤት 0.67 ካሬ ሜትር ይመጣል። 1 ሜትር በ67 ሳንቲም የሆነ መስኮት በሉት፤ እሱን ግማሹን ታች፣ ግማሹን ላይ አድርጋችሁ በዙሪያው በትኑት። ወንፊት ሽቦው ራሱ ከክፍተቱ ላይ ስለሚቀንስ ትንሽ ጨመር ማድረግ ነው። ለእኛ አገር የተጻፈ ባይሆንም የሞቀ አየር የትም አገር ወደ ላይ ነው የሚወጣው፤ ለመነሻ ይጠቅማል።

ይህን ቤቱን ስታዩ በሰንደል መፈተን ትችላላችሁ። ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ሂዱ። የኮርኒሱን ቀዳዳ ክፈቱና የበራ ሰንደል ከቀዳዳው በታች ያዙ። ጭሱ ተስቦ ወደ ላይ ከገባ ላዩ መውጫ አለው። እዚያው ተንጠልጥሎ ከቀረ ወይም ወደ ፊታችሁ ከተመለሰ ዝግ ነው። ሰንደሉን ይዛችሁ ውስጥ አትግቡ። ዓመታት የተጠራቀመ አቧራና የደረቀ እንጨት ነው ያለው፣ እሳት ይፈራል።

ቀጥሎ አራቱን ዓይነቶች በእነዚህ መለኪያዎች እንያቸው።

ተራ ቆርቆሮ፣ የባህር ዛፍ ወራጅ፣ የቺፕውድ ኮርኒስ

በአዳማ ነባር ሰፈሮች በብዛት የምታገኙት ይህ ነው። ሰው በንቀት ያየዋል። እኔ ግን አጽሙ ጤነኛ ከሆነ ከሁሉ በፊት የምመክረው እሱን ነው። ቺፕውዱ ይነቀላል፣ ይታያል፣ ይመለሳል። ቆርቆሮው ካረጀ ቆርቆሮው ብቻ ይቀየራል። ማታ ፀሐይ ከገባች በኋላም ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ቀጭን ብረት ሙቀት አያስቀርም።

ድክመቱ እንጨቱና ሚስማሩ ላይ ነው። የቆርቆሮ ውፍረት በጌጅ ይለካል፤ ቁጥሩ ሲያድግ ቆርቆሮው ይሳሳል። ባለ 28 ጌጅ ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር ሲሆን ባለ 32 ወደ 0.25 ይወርዳል። ሳሳ ያለው በነፋስ ቶሎ ይቀደዳል፤ በተለይ ማገሮቹ ከ1 ሜትር በላይ ከተራራቁ። ሚስማሩ ከቆርቆሮው ጉብታ ላይ መሆን አለበት። ጎድጓዳው ላይ ከተመታ ውኃ የሚሄድበት መንገድ ላይ ነው የተበሳው፣ ያፈሳል። ቀን ላይ ኮርኒስ ውስጥ ገብታችሁ ባትሪውን አጥፉ። ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ ሁሉ አንድ በአንድ ይታያችኋል። አምስት ስድስት ከሆነ የጥገና ነገር ነው። ከዚያ ካለፈ የቆርቆሮ መቀየሪያውን ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።

ግድግዳው የጭቃ ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ ከሆነ የጣሪያውን ክብደት የተሸከሙት ቋሚ እንጨቶች ናቸው። እግራቸውን ከመሬት አጠገብ ውጉት።

ባለቀለም ኢጋ፣ የብረት አጽም፣ የጂብሰም ኮርኒስ

አዲሶቹ ቪላዎች እንዲህ ናቸው። ኢጋ የሚባለው ረጃጅሙ ባለቀለም ቆርቆሮ ነው። ብረቱን ምስጥ አይበላውም። ቆርቆሮው ረጃጅም ስለሆነ መጋጠሚያው ያነሰ ነው። ብዙውን ጊዜ በባለ ጎማ ብሎን ስለሚታሰር ነፋስንም ይችላል። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው።

የማዝነው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ፓራፔት ነው። ቤቱ ዘመናዊ እንዲመስል ዙሪያውን ግድግዳ ከፍ ይደረግና ቆርቆሮው ከኋላው ይደበቃል። ታዛ የለም። ታዛ ከሌለ አየር መግቢያ የለም፣ ግድግዳውም ከዝናብ አይጠለልም። ከሁሉ የከፋው አሸንዳው ውስጥ መቅረቱ ነው። ውጭ ያለ አሸንዳ ቢደፈን ውኃው ግቢ ይፈሳል። ከፓራፔት ጀርባ ያለ አሸንዳ ሲደፈን ውኃው የሚሄደው ሳሎናችሁ ላይ ነው። የአዳማ አቧራና ቅጠል ደግሞ አሸንዳ ለመድፈን ጊዜ አይፈጅበትም።

ሁለተኛው ጂብሰሙ ነው። ያምራል፣ ግን ያለ ቀዳዳ ጥርቅም ተደርጎ ይሠራል። ውኃ ሲጠጣ መጀመሪያ ምንም አይመስልም። ከዚያ ይከብድና ይወርዳል።

ቀለሙንም ተመልከቱ። አሁን የሚወደደው ጥቁር ግራጫና ቸኮሌት ነው። ጥቁር ቀለም ፀሐይን ይጠጣል፣ ነጭና ክሬም ይመልሳል። አዳማ ላይ ይህ ልዩነት መኝታ ቤት ድረስ ይሰማል።

ባዶ ሶሌታ

ወደፊት ፎቅ ለመጨመር የተተወ ቤት ነው። ነፋስ አይነካውም፣ አይጥም የሌሊት ወፍም የለም። ነገር ግን አየር የሚያልፍበት ቦታ የሚባል ነገር የለውም። ሲሚንቶው ቀኑን ሙሉ ሙቀት ሲያጠራቅም ይውልና ማታ ወደ ክፍሉ ይለቀዋል። ቀን ያያችሁት ቤት ስለዚህ ያታልላል። ይህን ዓይነት ቤት ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ሄዳችሁ እዩት፤ መዳፋችሁን ወደ ጣሪያው ስትዘረጉ ሙቀቱ ይሰማችኋል።

ውኃውን ለማወቅ ላዩ ላይ ውጡ። የደረቀ የውኃ ክብ ምልክት ካለ እዚያ ውኃ ይተኛል፤ ተዳፋት አልተሰጠውም ማለት ነው። ከሥር ሆናችሁ ደግሞ ነጭ ጨው የመሰለ መስመርና የዝገት ጠብታ ፈልጉ። የዝገት ጠብታ ካያችሁ ውኃው ፌሮው ጋ ደርሷል። ላይ የቀሩት የኮለን ፌሮዎች ለዓመታት ዝናብ ሲመታቸው ኖረው ከሆነ ዝገቱ የላይ ላይ ነው ወይስ ፌሮውን አቅጥኖታል የሚለውን መሐንዲስ ይይላችሁ። ፎቅ ልትጨምሩ ካሰባችሁ ይህን ሳታስመረምሩ አትግዙ።

ሶሌታ ከነቆርቆሮው

ሶሌታው ላይ በብረት ወይም በእንጨት ከፍ ተደርጎ ቆርቆሮ የተመታበት ነው። ቆርቆሮው ለሶሌታው ጥላ ይሆናል፣ በመሃል ነፋስ ያልፋል፣ ዝናቡም ሶሌታውን አያገኘውም። ለኑሮ ከአራቱ የተሻለው ይህ ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው። ጎኖቹ ክፍት መሆናቸውን አረጋግጡ። ለዕቃ ማስቀመጫ ብለው በብሎኬት የዘጉት አጋጥሞኛል፤ ጥቅሙን አጠፉት። ክፍት ሲሆን ደግሞ ነፋስ ከሥር ስለሚገፋው የብረት እግሮቹ ሶሌታው ውስጥ መታሰራቸውን እዩ። ብሎኬት ጭኖ መያዝ አይበቃም።

የሸክላ ክዳን ጥቂት ቤቶች ላይ ይገኛል። ለሙቀት ጥሩ ነው። ግን ቆርቆሮ በካሬ 4 ኪሎ ገደማ ሲመዝን ሸክላ ከ40 ኪሎ ያልፋል። ለቆርቆሮ በተሠራ አጽም ላይ የተጫነ ሸክላ ካያችሁ ተዉት።

| መለኪያ | ተራ ቆርቆሮና ቺፕውድ | ኢጋና ጂብሰም | ባዶ ሶሌታ | ሶሌታ ከነቆርቆሮው |
|---|---|---|---|---|
| የቀን ሙቀት | አየር ካላገኘ ከባድ | ፓራፔት ካለው ከባድ | መካከለኛ | ዝቅተኛ |
| የማታ ሙቀት | ቶሎ ይቀዘቅዛል | ቶሎ ይቀዘቅዛል | ከባድ | ዝቅተኛ |
| ነፋስ | በአስተሳሰሩ ይወሰናል | ጥሩ | አያሰጋም | እግሩ ከታሰረ ጥሩ |
| የውኃ ስጋት | ሚስማርና መደራረቢያ | የውስጥ አሸንዳ | ስንጥቅና የተኛ ውኃ | ትንሽ |
| ምስጥና ነቀዝ | ትልቁ ስጋት | አጽሙን አይነካም | የለም | እንጨት ከተጠቀመ |
| ለማየትና ለመጠገን | ቀላል | መግቢያ ከሌለ ከባድ | ማየቱ ቀላል፣ ጥገናው ውድ | ቀላል |
| የመግዣ ዋጋ | ዝቅተኛ | ከፍተኛ | መካከለኛ | በጣም ከፍተኛ |

የትኛው ለማን?

በጀታችሁ ጠበብ ያለ ከሆነ የመጀመሪያውን ዓይነት፣ አጽሙ የተፈተሸውን ግዙ። ከገንዘባችሁ ላይ ትንሽ አስቀሩና ታዛውን ክፈቱ፣ ቆርቆሮውን ነጭ ቀቡ። አቅም ሲገኝ ከማገሩ ሥር የሚያንጸባርቅ ፎይል ይወጠራል። ፎይሉ በሁለቱም በኩል ተጣብቆ አይሠራም፤ ቢያንስ በአንዱ ፊቱ በኩል 2 ሳንቲም ያህል ክፍት አየር ይፈልጋል። ኮርኒስ ላይ ብታነጥፉት ግን አቧራው ውሎ አድሮ ያለብሰዋል።

ቤት የሚውል አዛውንት ወይም ሕፃን ካላችሁ አቅም ካለ አራተኛው፣ ከሌለ አየሩ የተስተካከለው የመጀመሪያው ይሻላል። ቀኑን ሥራ ውላችሁ ማታ የምትገቡ ከሆነ ባዶ ሶሌታ ይቅርባችሁ። እናንተ ልታርፉ ስትገቡ እሱ የቀኑን ሙቀት መልቀቅ ይጀምራል። ፎቅ የመጨመር ዕቅድና ገንዘብ በእርግጥ ያለው ሰው ግን ባዶ ሶሌታውን ቢገዛ ያዋጣዋል፤ እስከዚያው ቀለል ያለ ቆርቆሮ ከላዩ ቢያለብሰው ኑሮውም ይቃለላል። «አንድ ቀን እጨምራለሁ» ለሚል ሰው አልመክረውም።

ኢጋና ጂብሰሙን የወደደ ሰው ታዛ ያለውን ይምረጥ። ፓራፔት ያለው ከሆነ አሸንዳውን ሳያይ አይዋዋል። ማየት ደግሞ ይቻላል። ጎረቤት ፎቅ ቤት ካለው «እባክዎ ከላይ ሆኜ ልመልከት» ብትሉት እምቢ የሚል አላጋጠመኝም። በበጋ የምትገዙ ከሆነና ውኃ ካለ ጎማ ይዛችሁ ከታችኛው ጫፍ ጀምሮ ወደ ላይ እየሄዳችሁ ጣሪያውን አጠጡት። ከላይ ከጀመራችሁ የቱ ጋ እንደሚያፈስ አይለይላችሁም።

ሻጩ ጂብሰሙ እንዳይነካ ከከለከለስ? የአክስቴን ልጅ የገጠመው ይህ ነበር። ፓራፔት ያለው ኢጋ ቤት፣ ኮርኒሱ ላይ አንድም ቀዳዳ የለም። ሻጩ «እንዴት ተደርጎ ይቆረጣል!» አለ። ቀብድ ከመክፈላችን በፊት አንድ ሐሳብ አቀረብንለት፦ ኮሪደሩ ላይ 60 በ60 የሆነ ቀዳዳ በእኛ ወጪ እናስቆርጣለን፣ ክዳን እናሠራለታለን፣ ባንገዛውም ክዳኑ ለእሱ ይቀራል። ከብዙ ክርክር በኋላ ተስማማ። መሰላል ላይ ወጥቼ ባትሪ አበራሁ። ከአሸንዳው መጋጠሚያ ሥር አንድ ሰማያዊ ሳፋ ተቀምጧል። ውስጡ የደረቀ ጭቃ፣ ጠርዙ ላይ ውኃው የደረሰበት መስመር። ጂብሰሙ ከመዘጋቱ በፊት ማፍሰሱን የሚያውቅ ሰው ነው ያስቀመጠው።

የአክስቴ ልጅ ቤቱን አልተወውም። አጽሙ ብረት ነው፣ ደህና ነው። የአሸንዳውን መቀየሪያና የአንድ ክፍል ጂብሰም አስገምቶ ከዋጋው ላይ አስቀነሰ። ውሉ ላይም አስጻፈው። አሸንዳውን ሰኔ ሳይገባ ሰፋ አድርጎ አሠራው፣ ፓራፔቱን በአራት ቦታ በስቶ ለአየሩ መግቢያ አበጀለት፣ አናቱ ላይም መውጫ አስከፈተ።